ብረቱ የማያየው ሰው

ኅዳር 9 ቀን 1983

አባባ፣

መጀመሪያ ይቆጡኝና ይውጣልዎት፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ከገባሁ ሁለት ወር አለፈኝ፤ እርስዎ ሦስት ደብዳቤ ልከዋል፣ እኔ አንድም አልመለስኩም። ታምሜ አይደለም፣ ረስቼዎትም አይደለም። በየሳምንቱ ወረቀት አወጣለሁ፣ «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ «ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄዎ መልስ አጣና አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

አይደለም፣ ኮምፒውተር መጠገን አይደለም የምማረው። እባክዎን ለጎረቤት ስለ ሬዲዮው ጥገና ተስፋ አይስጡብኝ። ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝበት ቋንቋ አለ፤ ቃል አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ግን ሰው ሠራሽ ነው። የእኔ ትምህርት እንዲህ ያሉ ቋንቋዎችን መሥራት ነው። ችግሩ ምን መሰልዎ፣ ኮምፒውተር የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። ገደል ግባ ቢሉት ይገባል። የተሳሳተ ትእዛዝ እንደሰጠን የምናውቀው ከገባ በኋላ ነው።

መምህራችን «ዝምታ» የሚል ቅጽል የወጣላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ የሰማ ሰው ዕድለኛ ነው። ባለፈው ሐሙስ ድንገት «የተሳሳተውን ትእዛዝ ገና ሳይፈጸም እምቢ የሚል ቋንቋ መሥራት ይቻላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሥቼ ስለ እርስዎ የባቡር ምልክት ቤት ማውራት ጀመርኩ። በመስኮቱ ሥር ስለተደረደሩት ሃያ የብረት ዘንጎች፣ እያንዳንዱ አንድ መብራት ወይም አንድ የሃዲድ መቀየሪያ ስለመያዙ። ስምንት ዓመቴ ላይ ሰባተኛውን ዘንግ እንድስብ የፈቀዱልኝን ቀን ያስታውሳሉ? በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት፣ ንቅንቅ አላለም፣ አለቀስኩ። «አቅቶሽ አይደለም፣ አራተኛው ይዞብሽ ነው። ሁለቱ አብረው ቢሳቡ ሁለት ባቡር አንድ ሃዲድ ላይ ይገናኛል» አሉኝ። ከዚያም ወደ ታችኛው ክፍል ወስደው አንዱ ብረት ሲንቀሳቀስ ሌላው ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ሲቆልፈው በባትሪ መብራት አሳዩኝ። ይህን ሁሉ ለክፍሉ ተረክሁ።

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው አራተኛውንና ሰባተኛውን ዘንግ ሣሉ። ከዚያም «አባትሽ ስህተት መናገር የማይቻልበትን ቋንቋ ሲናገሩ ኖረዋል» አሉኝ። አባባ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አድጌ፣ ምን ውስጥ እንዳደግሁ የተነገረኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ይጻፉልኝ። ብረቶቹን የቆረጣቸው ማን ነው? የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ የወሰነውስ?

ልጅዎ


ጥር 3 ቀን 1983

ልጄ፣

ቁጣዬ መንገድ ላይ በርዷል። ደብዳቤሽን እናትሽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሦስተኛውን ለብቻዬ፣ ምልክት ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እሷ የጠየቀችው ትበላለች ወይ ብቻ ነው። መልሱን ለእሷ በተለየ ወረቀት ላኪ፣ እኔ ስለ ብረት ላውራ።

የቆረጠውን ሰው ማንም አያውቀውም። እኔ ሳልወለድ ሞቷል። የትኛው ዘንግ የትኛውን እንደሚይዝ የሣለበት፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የታጠረ ሥዕሉ ብቻ ቀርቷል። አንዳንድ ቀን ባቡር ሲጠፋ ቆሜ አየዋለሁ። ያ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ፣ ገና ያልተወለዱ ምልክት ሰጪዎች ደክሟቸው፣ ተናድደው፣ ከሚስታቸው ተጣልተው ሲመጡ የሚሠሩትን ስህተት ሁሉ አስቦ ጨርሷል። እኔ በማላውቀው ሰው ጥንቃቄ ነው እንጀራ የምበላው። መምህርሽ እውነት ብለዋል፤ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ግን ብረቱን በጣም አታመስግኚው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

በወረቀትሽ ጀርባ ስለ ጠየቅሽኝ ስለ ሃዲድ ጠጋኙ፣ ፉጨት ስለምንለው፦ በትከሻው ተሸክሞ ሲያዞርሽ የነበረውን እኔም አልረሳሁትም። እንደነገርኩሽ ወደ ሩቅ ጣቢያ ተዛወረ። አድራሻውን አላውቅም። በርትተሽ ተማሪ።

አባትሽ


ግንቦት 20 ቀን 1996

አባባ፣

ለዓመት ያህል የላክሁልዎት ሁለት ፖስት ካርድ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በእርስዎ ስም ተሳድባ ትጽፍልኝ ነበር። ዛሬ ግን ምክንያት አለኝ፣ ጥሩ ምክንያት።

ቋንቋው ተጠናቀቀ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። እኔ ክቡር ስም አውጥቼለት ነበር፤ ተማሪዎቼ «እምቢታ» ብለው ጠሩት፣ በዚያው ቀረ። ትንሽ ነገር ከተሳሳቱ እምቢ ይላቸዋላ! አንዱ ተማሪዬ «ከእርስዎ ቋንቋ የሚስቴ አባት ይሻለኛል፣ እሳቸው በሦስተኛው ሽምግልና እሺ ብለዋል» አለኝ።

የሆነውን ልንገርዎ። የሰው ትእዛዝ ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ለማሽኑ የሚያስረክብ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፓይለር ይባላል። የእምቢታን ኮምፓይለር በራሱ በእምቢታ ጻፍኩት። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ ኮምፓይለር ራሱን እንዲመረምር ሰጠሁት። ራሱን ነው የሚያነበው፣ ይገባዎታል? አርባ ሺህ መስመር አነበበ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ሠላሳ አንደኛው ሺህ ላይ ሲደርስ ቆመና ስህተት አለ አለኝ። ተናደድኩ። የተሳሳተው እሱ ነው ብዬ ሙሉ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኩት ነው፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም ሰው አላየውም። ከእጄ የወጣ ነገር እኔኑ አረመኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጸሐፊዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች።

ያንን ሥዕል የሣለው ሰውዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

ልጅዎ


ጥቅምት 14 ቀን 2015

ልጄ፣

በጎረቤት ስልክ ደውለሽ እንደነበር ነገሩኝ። ጆሮዬ ከስልክ ከተጣላ ቆየ፤ አንቺ «እንዴት ነዎት» ስትዪኝ እኔ «ዝናቡ ጥሩ ነው» ብዬ ከምመልስ በወረቀት እንቀጥል። ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ሰማንያ ዓመት በሽታ አይደለም አለ።

ወሬ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ሥራ ጠሩኝ! ዘንጎቹ ሊነሡ ነው። በእነሱ ፋንታ ኮምፒውተር ይገባል፣ እና ዘንጎቹን በደንብ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ኮምፒውተሯን በቦርሳ ይዛ መጣች። አስቀምጣ ታስረዳኝ ጀመር።

«አባት፣ ይሄ እምቢታ የሚባል ቋንቋ ነው። ስህተት ከጻፉበት አይቀበልዎትም።»

«አይ ጉድ! ማን ሠራው?» አልኳት።

«አንዲት ትልቅ ፕሮፌሰር ናቸው። በእሳቸው መጽሐፍ ነው የተማርኩት።»

«ጠባያቸውስ እንዴት ነው? ደብዳቤ ቶሎ ይመልሳሉ?»

ልጅቷ ግራ ገባት። ሳቄን ውጬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረችኝ። ልጄ፣ በሰው አፍ፣ በማያውቀኝ ሰው አፍ፣ ያንቺን ሥራ ስትዘረዝር ሰማሁ። ስትሄድ በሩን ዘግቼ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከሃያ ዘንግ መካከል ቆሜ «እሷ ናት እኮ» እላለሁ፣ ለማን እንደምናገር እንጃ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያ ቋንቋሽ ባቡሩን ያውቃል። ሰውንስ ያውቃል?

አባትሽ


ኅዳር 2 ቀን 2015

አባባ፣

ተያዝኩ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዘንጎቹ ፋንታ እምቢታ እንደሚገባ ካወቅሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። ከዚህ የባሰም ደብቄዎታለሁ። የባቡር ድርጅቱ ሥርዓቱን መርምሬ «ለሰው ሕይወት አስተማማኝ ነው» ብዬ እንድፈርም የመረጠው እኔን ነው። ፊርማዬ ካልደረሰ ዘንጎቹ አይነሡም። ከደረሰ ግን በዚያ መስመር የሚሄድ ሁሉ በእኔ ቃል ይሄዳል። ያልነገርኩዎት ልጄ ዘንጎቼን አስነሣችብኝ እንዳይሉ ፈርቼ ነበር።

ማረጋገጫው አልቋል። ባቡሮቹ፣ መብራቶቹና መቀየሪያዎቹ ሊቀናጁ የሚችሉበት መንገድ ሰው በዕድሜው ቆጥሮ አይጨርሰውም፤ ከዚያ ሁሉ አንዱም እንኳ ሁለት ባቡር አያገናኝም። ይህ ግምት አይደለም፣ እንደ ሒሳብ የተረጋገጠ ነው። የመጨረሻውን መስመር ሳይ የምሆነው ይጠፋኛል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ስለ ሰው ለጠየቁኝ፣ ጥያቄው በደንብ አልገባኝም። ባቡር ነጂው ያለ መብራት አይሄድም። ሃዲድ ላይ ባቡር ካለ በሃዲዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይናገራል። የግድግዳውን ሥዕል ደግሞ አንድ ጥርስ ሳናስቀር ገልብጠናል። ብረቱ የሚያውቀውን ሁሉ ቋንቋዬ ያውቃል። ጥር ላይ እፈርማለሁ። ደስ አይልዎትም?

ልጅዎ


ኅዳር 25 ቀን 2015

ልጄ፣

ደስ ብሎኝ ነበር። «ብረቱ የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል» የምትለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አልተስማማኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ አርባ ሰባት ዓመት አደረ።

ፉጨት አልተዛወረም። ሞቷል። የሞተው እኔ በሳብኩት ዘንግ ነው።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ሦስቱ ሃዲድ ጠጋኞች ጋሪያቸውን ይዘው ወደ ሁለተኛው መስመር ሲሄዱ በመስኮት ነገሩኝ። እሺ አልኩ፣ እጄንም አውለበለብኩላቸው። የእነሱ ጋሪ በእጅ የሚገፋ ቀላል ነገር ነው፣ ኤሌክትሪኩ አይቆጥረውም። ከዚያ ስልክ ተደወለ፣ አንድ ባቡር ዘገየ፣ ሌላው ቀደመ፣ እኔም ረሳኋቸው። ዘንጉን ሳብኩ። እምቢ ቢለኝ ኖሮ ምን ሆኖ ነው ብዬ ቀና እል ነበር። እምቢ አላለኝም። ሁለቱ ዘለሉ። የቀረውን አልጽፍልሽም።

መርማሪዎች መጥተው ብረቱን ሁለት ቀን ፈተሹት። «ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ሠራተኛው የተከለከለ ዘንግ አልሳበም» ብለው ጻፉ። በብረት ምስክርነት ነፃ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ከቆርቆሮ ቀለበት የሠራሁት። ሰው ሃዲድ ላይ ሲወጣ በዚያ መስመር ዘንግ እጀታ ላይ አጠልቀዋለሁ፤ ልስብ ስዘረጋ እጄ እሱን ይነካና አስታውሳለሁ። አንቺ «ይሄ ዘንግ ለምን ቀለበት አደረገ?» ብለሽኝ «አግብቶ ነው፣ አይነካም» አልኩሽ፤ ስቀሽ ሄድሽ። ሥዕሉ ላይ የለም፣ መመሪያው ላይም የለም። ከእኔ በኋላ የመጡት እኔን አይተው ያጠልቁታል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። መሐንዲሷ ባለፈው ሳምንት «ይሄ የምን ቆርቆሮ ነው?» ብላ አውልቃ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ እያየሁ ተውኳት።

ያ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ እናትሽ «ንገራት» ብላኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ልጄ በዚህ ብረት ተደንቃ ዕድሜዋን ልትሰጠው ነው፣ ብረቱ ያላየው ሰው እንዳለ እንዴት ልንገራት አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ይልቅ እንዳትጠዪኝ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ፈርመሽ እኔ የኖርኩትን ኑሮ እንድትኖሪ አልፈልግም። አትፈርሚ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን 2015

አባባ፣

ብዕር ያነሣሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ስለ ፉጨት አለቀስኩ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ «አንድ ደብዳቤ እንኳ አይጽፍልኝም?» ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ነው። በእርስዎ ግን ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ልጠላዎትም ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

አልፈረምኩም። ድርጅቱ «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። ስህተት የለም አልኩ። ማረጋገጫዬ ውስጥ አንድም ስህተት የለም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያልነገርኩትን ነገር አያውቅም፣ አለማወቁንም አይነግረኝም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

አሁን የምነግርዎትን ደግሞ ቁጭ ብለው ያንብቡ። በእኛ ሙያ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ በፕሮግራም ውስጥ ሊባዛ የማይችል፣ ተጥሎ ሊቀር የማይችል፣ የያዘው ሰው ራሱ እስኪመልሰው ድረስ የሚጠበቅ ነገር እንዴት ይፈጠራል? ሃያ ዓመት ጽሑፍ ስንጽፍበት፣ በየጉባኤው ስንከራከርበት ኖረናል። እኔ ራሴ ለእምቢታ አያስፈልግም ብዬ ትቼው ነበር። እርስዎ ከቆርቆሮ ሠርተው እጀታ ላይ ሰቅለውታል! ሲገባኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። እውነት እውነት እልዎታለሁ፣ ከመምህራችን ከዝምታ ሰሌዳ ወዲህ እንዲህ ተደንቄ አላውቅም።

ቋንቋውን እለውጠዋለሁ። በሃዲዱ ዳር የቁልፍ ሳጥን ይቆማል። ወደ ሃዲድ የሚወጣ ሠራተኛ ቁልፉን ይወስዳል፤ ቁልፉ በእሱ ኪስ እስካለ ድረስ ባቡር ወደዚያ መስመር መስደድ አይቻልም፣ ምልክት ሰጪው ቢረሳም፣ አለቃ ቢያዝም።

ግን ሌላ ምን እንደማላውቅ አላውቅም። ስለዚህ ሥራ ሰጥቼዎታለሁ፦ እዚያ ቤት ውስጥ እጅዎ የሚያደርገውን፣ ሥዕሉ ላይ የሌለውን ሁሉ ይጻፉልኝ። የማይረባ የመሰለዎትን አይዝለሉ። ሲያልቅም የሚሞክሩት እርስዎ ነዎት። የምፈርመው በእርስዎ ቃል ነው።

ልጅዎ


የካቲት 17 ቀን 2015

ልጄ፣

ከደብዳቤሽ በኋላ እህል ቀመስኩ።

አሥራ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ጭጋግ ሲሆን ባቡሩ ማለፉን በጭራው መብራት ሳይሆን በወለሉ መንቀጥቀጥ እንደማውቅ፣ እሱን ጻፍኩ። ክረምት ላይ ዘጠነኛውን መቀየሪያ ጭቃ ስለሚይዘው ሁለት ጊዜ እንደምስበው፣ እሱንም። ሳስነጥስ ዘንግ አልነካም፤ ይህ ለኮምፒውተርሽ ይጠቅመው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

መሐንዲሷን አስቀምጬ ስለ ቀለበቱ ነገርኳት። ለማውቀው ሰው ሁሉ የደበቅሁትን ለማላውቃት ልጅ መንገር ቀለለኝ። ሰምታኝ ቆርቆሮውን ከመስኮቱ አንሥታ ዘንጉ ላይ መለሰችው። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ነገርኳት። ጮኸች!

አባትሽ


ሰኔ 4 ቀን 2015

ልጄ፣

ትናንት ሞከርነው። «ውሸት ሳይጨምሩ ይጻፉልኝ» ብለሻል፤ እንደሆነው እጽፋለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ሦስት ሃዲድ ጠጋኞች፣ የዛሬ ልጆች፣ ቁልፋቸውን ከሳጥኑ አውጥተው ወደ ሁለተኛው መስመር ወጡ። መንገደኛ የሌለው ባቡር፣ ነጂው ብቻውን ያለበት፣ ቀዩ መብራት ጋ ቆሞ ይጠብቃል። መሐንዲሷ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ምን እንደምጫን አሳየችኝና «ባቡሩን ወደ ሁለተኛው መስመር ይላኩት» አለችኝ።

ሰዎቹ በመስኮት ይታዩኛል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ብሎን ያጠብቃል። ቆይቼ ተጫንኩት።

እምቢ አለ። መስመሩ ሰው አለበት ብሎ ጻፈ። እንደገና ተጫንኩ፣ እምቢ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ ልጄ። ሽማግሌው አበደ ሳይሉኝ አይቀሩም። ልጅቷ ትከሻዬን ይዛ «አባት፣ አይጨነቁ፣ የእርስዎ ስህተት አይደለም» አለችኝ። የእኔ ስህተት ነው እንጂ! ሙሉ በሙሉ የእኔ ስህተት ነው፣ እሱ ግን አልቀበልም አለኝ።

ከዚያ ከዘራዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ወዴት ነው እያለች ከኋላዬ ስትጮህ ነበር አሉ፤ እኔ እንደሆን ጆሮ የለኝም። ሳጥኑ ጋ ስደርስ የራሴን ቁልፍ ወስጄ ኪሴ ከተትኩ፣ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ። ምን ፈልገው ነው ሲሉኝ ልቀመጥ ነው አልኩ። ትልቁ ጃኬቱን አውልቆ ሃዲዱ ላይ አነጠፈልኝ። ሁለተኛው መስመር መካከል፣ ፊቴን ወደ ባቡሩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ነጂው የሚቆምበት ምክንያት አልገባውም መሰለኝ፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ይሳደባል። ድምፁ ባይሰማኝም አፉን አየዋለሁ። ጡሩምባውን ነፋው፤ እሱን በአጥንቴ ሰማሁት። ያን የሚያህል ብረት፣ ያን የሚያህል ጉልበት፣ ሦስት ሠራተኞችና አንድ ሽማግሌ እስኪነሡ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ዕድሜዬን በሙሉ ባቡር ሳይ ኖሬ ባቡር እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም አየሁት። ማንም አላስቸኮለኝም።

ሲበቃኝ ተነሥቼ ቁልፌን መለስኩ። ነጂውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ፈርሚ።

አባትሽ